«ስምንት ሰዓት የማን ስምንት ነው?» እና ሌሎች የነርስ አስተማሪዎች ጥያቄዎች

በዚህ ወር ደብዳቤ በዝቶብኛል። ሁሉንም ማውጣት ስላልቻልኩ የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ገጹን ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታነቡ፦ ነርስ ነኝ። 11 ዓመት ዋርድ (አስተኝቶ ማከሚያ ክፍል) ሠራሁ፣ ከዚያ ወዲህ 17 ዓመት አስተማርኩ። አሁንም በየሳምንቱ ማክሰኞ ሕፃናት ዋርድ እገባለሁ። የምመልሰውም ባብዛኛው ማክሰኞ ማክሰኞ ካየሁት ነው።

ጥያቄ፦ «ሲስተር፣ ሁለት ዓመት ቀዶ ሕክምና ዋርድ ሠርቼ ዘንድሮ በጤና ሳይንስ ኮሌጅ አስተማሪነት ተቀጠርኩ። 42 ተማሪ ይዘህ ዋርድ ግባ ተባልኩ። ዋርዱ ያለው 28 አልጋ ነው። ሄድ ነርሷ (የዋርዱ ኃላፊ) ገና ከበር ስታየን ፊቷን ታጠቁርብናለች። ግማሾቹ ተማሪዎች ኮሪደር ላይ ስልክ ሲነካኩ ይውላሉ። ምን ላድርግ?» (ከደሴ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በሄድ ነርሷ አልፈርድም። 42 ነጭ ጋውን በአንድ በር ሲገባ የጥምቀት አጀብ እንጂ የተግባር ትምህርት አይመስልም።

ከሁሉ በፊት ብቻህን ሂድ። ተማሪዎቹ ከመግባታቸው በፊት ባለው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝ። «ሲስተር፣ ነገ ምን ይበዛብሻል?» ብለህ ጠይቃት። «ዘጠኝ ድሬሲንግ አለብኝ» ካለችህ የነገው ትምህርትህ ድሬሲንግ፣ የቁስል ፋሻ መቀየር፣ ነው። የኮርስ አውትላይኑ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ይል ይሆናል፤ ካቴተሩ ለሐሙስ ይቆያል። ሸክሟን ያቀለልክላት ቀን ፊቷ ይፈታል። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሙሉ ከአንዲት ሄድ ነርስ ጋር ተኳርፌ ነው ያሳለፍኩት። ይህችን ጥያቄ መጠየቅ ስጀምር ግን ጓንት ራሷ ደብቃ ታስቀምጥልኝ ጀመር።

ቀጥለህ ከፋፍላቸው። 42 ማለት ሰባት ቡድን በስድስት ነው። አንድ አልጋ ዙሪያ ከስድስት በላይ አይቁም፤ ሰባተኛው የሚያየው የስድስተኛውን ጀርባ ነው። ሦስቱን ቡድን ዋርድ አስገባ። አንዱን ድንገተኛ ክፍል ትሪያጅ (ታካሚ በሕመሙ ክብደት የሚለይበት ቦታ) ላይ፣ አንዱን መርፌ ክፍል፣ አንዱን ዕቃ የሚቀቀልበት ክፍል አድርግ። ሰባተኛው ስኪል ላብ (መለማመጃ ክፍል) ውስጥ ለነገ ይለማመድ። ቦታውን በየቀኑ አዙራቸው። ዕቃ የሚቀቀልበት ክፍል የሚገቡት ቡድኖች መጀመሪያ ያጉረመርማሉ። አውቶክሌቭ (ዕቃውን በእንፋሎት የሚቀቅለውን ማሽን) ከፍተው ዘግተው የማያውቁ ስንት ተመራቂዎች እንዳየሁ ብነግርህ ግን አታምነኝም። ሌሎቹን ቦታዎች የሚያይልህ ሁለተኛ አስተማሪ ወይም ፈቃደኛ ስታፍ ያስፈልግሃል። ይህንን ዲኑን በጽሑፍ ጠይቅ። በቃል የተጠየቀ ነገር ይረሳል።

ስልክ የሚነካካው ተማሪ ሥራ ስላልተሰጠው ነው። የተወሰነ ሥራ ስጠው፦ «የ14ኛውን አልጋ ትንፋሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጥረህ ንገረኝ»። ትንፋሽን የመረጥኩት በምክንያት ነው። የየትኛውንም ዋርድ ቻርት ክፈት፤ የሁሉም ሰው ትንፋሽ 20 ነው። ሽማግሌውም 20፣ አስም የያዛትም 20፣ ትናንት የተቀደደውም 20። ማንም አልቆጠረም ማለት ነው። ተማሪዎቼን መጀመሪያ የምፈትናቸው በዚሁ ነው፤ ወንበር ላይ እቀመጥና «የኔን ቁጠሩ» እላለሁ። ሆን ብዬ አፈጥነዋለሁ። ሳይቆጥር «20» ያለኝ ሰው በዚያው ቀን ስድስት አልጋ ይቆጥራል።

አልጋ አጠገብ ስትቆም ደግሞ ረጅም ሌክቸር አትስጥ። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ የቤተሰብ ሐኪሞች ያወጧት «የአንድ ደቂቃ አስተማሪ» የምትባል ዘዴ አለች፤ አምስት እርምጃ ናት። ተማሪው የራሱን ግምት ይናገር። ለምን እንዳለ ይጠየቅ። አንተ አንድ ነገር አስተምረው፣ አንድ ብቻ። ትክክል የሠራውን ለይተህ ንገረው። የተሳሳተውን አርመው።

ባለፈው ወር የሆነውን ልንገርህ። በሽተኛው ከተቀደዱ ሁለተኛ ቀናቸው ነው፣ የልብ ምታቸው 118። ተማሪዋን «ምን ሆነው ይመስልሻል?» አልኳት። «ሕመም ነው።» «በምን አወቅሽ?» «ፊታቸውን ያጨማድዳሉ።» «ልክ ነሽ፣ ፊታቸውን ማየትሽ ጥሩ ነው። የተቀደደ ሰው ልቡ ሲፈጥን ግን ሕመም ነው ከማለትሽ በፊት ፋሻውን ግለጪ፣ ከወገባቸው ሥር አንሶላውን ዳብሺ፣ ሽንታቸውን እዪ። ደም ወደ ታች ነው የሚወርደው።» ይኸው ነው፣ ደቂቃ አልፈጀም። እኛ አገር አራተኛዋ እርምጃ ትዘለላለች። ቀጥታ ወደ አምስተኛዋ ነው የምንሮጠው፣ ያውም በጩኸት።

ጥያቄ፦ «ሲስተር፣ ተማሪዎቼ ሜዲኬሽን ሺት (የመድኃኒት መስጫ ሰንጠረዥ) ላይ ሰዓት ሲጽፉ ግማሹ በሐበሻ፣ ግማሹ በፈረንጅ ነው። ስታፎቹም እንደዚያው። እኔም አንዳንዴ ይምታታብኛል። ይህ እውነት የሚያሳስብ ነው ወይስ አጋንኜው ነው?» (ከጅማ)

መልስ፦ አላጋነንሽም እህቴ። ይህን ጥያቄ ዓመት ሙሉ ስጠብቀው ነበር።

የራሴን ጉድ ልንገርሽ። የቆየ ነገር ነው፤ ሆስፒታሉን አልጠራም። ተማሪዎች ይዤ ውስጥ ደዌ ዋርድ ነበርኩ። ለአንድ አባት ጄንታማይሲን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ መርፌ በቀን ሁለቴ ታዟል። ሺቱ ላይ «8» እና «8» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ጻፊው ያሰበው በፈረንጅ ነው፤ ከጧቱ 2 ሰዓት እና ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። የጧቱን የሰጠችው ነርስ ሥራ በዝቶባት ሳትፈርም አለፈች። ከሰዓት በኋላ የኔ ተማሪ ሺቱን ከፈተ። ሳጥኑ ባዶ ነው፣ «8» ይላል፣ የእጁ ሰዓት ደግሞ ስምንት ሰዓት። ሰጠ። ፈረመ። ማታ የገባችው ተረኛ ሁለተኛውን ሳጥን ባዶ አገኘችው። እሷም ሰጠች። በቀን ሁለት መሆን የነበረበት መርፌ ሦስት ሆነ።

ጄንታማይሲን ኩላሊትና ጆሮ ይጎዳል። ክሪያቲኒናቸውን (የኩላሊት ምርመራ ነው) ደጋግመን አስለካን፤ ደግነቱ ምንም አልሆኑም። እኔ ግን ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። በማግስቱ ጧት የተረኞች ርክክብ ላይ ሁሉም ተማሪው ላይ ተረባረበ። ልጁ አለቀሰ። እኔም ዝም አልኩ። እስካሁን የሚከነክነኝ ያ ዝምታዬ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አብሬያቸው ስውል «በዚህ ዋርድ የሚጻፈው በየትኛው ሰዓት ነው?» ብዬ አንድም ቀን አልጠየቅኩም ነበር።

ችግሩ ለምን ተደብቆ እንደሚኖር ታውቂያለሽ? በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ነው። በየስድስት ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት በፈረንጅ 6፣ 12፣ 6፣ 12 ተብሎ ይጻፋል። በሐበሻም ሲነበብ 12፣ 6፣ 12፣ 6 ነው። ቁጥሮቹ ያው ናቸው፤ ማንም አይሳሳትም። ስለዚህ ዋርዱ ለወራት በሰላም ይሠራል። የሚፈነዳው በቀን ሁለቴ ወይም ሦስቴ የሚሰጥ ሲመጣ ነው።

የኔ ዋርድ ደንብ ይህ ነው። ወረቀት ላይ ሁልጊዜ በ24 ሰዓት፣ በአራት አኃዝ፦ 06:00፣ 14:00፣ 22:00። 14 እና 22 በሐበሻ ሰዓት ስለሌሉ ራሳቸውን ይገልጣሉ። 06:00 ግን አይገልጥም፤ ስለዚህ ሺቱ አናት ላይ «በ24 ሰዓት» ተብሎ በደማቅ ይጻፋል። ለታካሚ ስንናገር ደግሞ ሁልጊዜ በሐበሻ፦ ጧት 12 ሰዓት፣ ከቀኑ 8፣ ማታ 4። አንዲት እናት መድኃኒት ይዛ ወደ ቤቷ ስትሄድ «በስምንት በስምንት ሰዓቱ» ብቻ ካልናት በቀን አንዴ፣ በስምንት ሰዓት ልትሰጥ ትችላለች። ደርሶብኛልም።

ተማሪዎቼን ለዚህ የማሠራቸው በወረቀት አይደለም። ርክክብ ላይ ድንገት «22:00 በእናትሽ ሰዓት ስንት ነው?» እላለሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደ ማባዛት ሰንጠረዥ ይወርዱታል።

ቀኑም ሌላ ጣጣ ነው። በግንቦት 2017 አንዲት ተማሪ የመድኃኒት አምፑል ይዛ መጣች። «ኤክስፓየር ዴቱን አይተሻል?» አልኳት። «አይቻለሁ ሲስተር፣ 03/2025 ይላል። ገና ስምንት ዓመት አለው!» አለች። ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ሳቁ አቆመ፤ መድኃኒቱ ጊዜው ካለፈ ከወር በላይ ሆኖታል። ካርቶኑ ላይ ያለው ሁሉ የፈረንጅ ቀን መሆኑን ማንም አልነገራትም ነበር። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። እስከዚያ ድረስ ስንት አምፑል «አይታለች»?

ጥያቄ፦ «አንድ ተማሪ በተግባር ፈተና ጣልኩት። አሁን ከየአቅጣጫው እየመጡብኝ ነው። 'እስኪ መልሰሽ ተመልከችው' ይሉኛል። ስሜም ከተማዬም ይቅር።»

መልስ፦ በምን እንደጣልሽው አልጻፍሽልኝም። መልሴ በዚያ ይወሰናል።

እኔ ደም ሥር ሳተ ብዬ ማንንም ጥዬ አላውቅም። እጁ ተንቀጠቀጠ ብዬም አልጣልኩም፤ የኔም ይንቀጠቀጥ ነበር። የጣልኩት ሳይለካ የደም ግፊት የጻፈን ነው። ሁለት ናቸው በ17 ዓመት። የታካሚውን ስም ሳይጠይቅ መርፌ ሊወጋ የነበረንም አስቁሜ ጥያለሁ፤ እሱ ግን ከወር በኋላ ተፈትኖ አልፏል፣ ዛሬ ጎበዝ ነርስ ነው።

የዕለቱ ቼክሊስት እጅሽ ላይ ካለ፣ ሌላ ፈታኝም አብሮሽ ከፈረመ፣ ተማሪውም ከፈተናው በፊት ድክመቱ በጽሑፍ ከተነገረው፣ አትንቀሳቀሺ። ለሚጠይቅሽ ሁሉ ወረቀቱን አሳዪ። ስለ ልጁ ጠባይ አትከራከሪ። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ እንደገና ፈትኚው። በሌላ ፈታኝ፣ በሌላ ቀን። ይህ መሸነፍ አይደለም።

ለወደፊቱ ኮሌጅሽ ኦስኪ እንዲጀምር ገፋፊ። ስኮትላንድ ውስጥ ዳንዲ ከተማ ሮናልድ ሃርደን የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1975 ያስተዋወቁት የፈተና ዓይነት ነው። ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ በደወል ይዞራል፣ በእያንዳንዱ ጣቢያ ሌላ ፈታኝ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ፣ አንድ ዓይነት ቼክሊስት። ትልቁ ጥቅሙ ለዚህ ለአንቺ ችግር ነው። አሥር ሰው የሰጠውን ውጤት አንድ ሰው ደውሎ ሊያስቀይር አይችልም። ደወል ከሌላችሁ የምግብ ትሪና ማንኪያ ይበቃል። እኛ እንደዚያ ነው የጀመርነው።

ጥያቄ፦ «የስኪል ላባችን አሻንጉሊት አንድ ናት፤ አንድ እጇም ተነቅሏል። ተማሪ ግን 60 ነው።» (ከአሶሳ)

መልስ፦ የተነቀለው እጅ አይጣል! ለብቻው ለካኑላ (ደም ሥር ውስጥ ለሚገባው ቀጭን ቱቦ) መለማመጃ ይሆናል።

ለመርፌ ብርቱካንና የፍራሽ ስፖንጅ ይበቃል። ለደም ሥር የብስክሌት ከመነዳሪ ቁረጡ፣ በስፖንጅ ሸፍኑ፣ ቀይ ስር የተቀቀለበትን ውኃ ሙሉበት። ካኑላው ሲገባ «ደሙ» ሲመለስ ያዩታል። የቀይ ስር ውኃን ለሌላም እጠቀምበታለሁ፤ እንዲያውም ከሁሉ የምወደው ትምህርቴ ነው። ከተማሪዎቹ ተደብቄ 500 ሚሊ ሊትር እለካለሁ፣ አሮጌ አንሶላና ጨርቅ ላይ እደፋዋለሁ፣ ጥቂቱን መሬት ላይ። ከዚያ «ይህች እናት ስንት ደም ፈሰሳት?» እላለሁ። ብዙዎቹ «200» ይላሉ። 500 ማለት በምጥ ከወለደች እናት የደም መፍሰስ ተብሎ የሚመዘገብበት መጠን ነው። ያቺን አንሶላ ያየ ተማሪ ማዋለጃ ክፍል ገብቶ «ትንሽ ነው» አይልም።

ስለ ግሉኮስ ጠብታ ደግሞ አንድ ባዶ ከረጢትና አንድ መስመር በቂ ነው። 1000 ሚሊ ሊትር በ8 ሰዓት፣ የጠብታው ቱቦ («ሴት» የምንለው) በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ከሆነ፣ 1000 ሲባዛ በ20፣ ሲካፈል ለ480 ደቂቃ፤ 42 ጠብታ በደቂቃ። ካልኩሌተር አትፍቀድላቸው። መብራት በሌለበት ሌሊት ስልኩም ባትሪው አልቋል። የሕፃናቱ ቱቦ በሚሊ ሊትር 60 ጠብታ ሲሆን ሒሳቡ ይቀላል፤ በሰዓት የሚገባው ሚሊ ሊትርና በደቂቃ የሚቆጠረው ጠብታ ቁጥሩ አንድ ነው። ይህን ሲያውቁ ፊታቸው ሲበራ ማየት ደስ ይላል።

ጥያቄ፦ «ራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት) ላይ ከተማሪዎች ጋር በእንግሊዝኛ ነው የምናወራው። አንድ ታካሚ 'ስለ ሞቴ ነው የምታወሩት?' አሉኝ። ደነገጥኩ። በአማርኛ እናስተምር?» (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሁለቱንም፣ ግን በተራ። አልጋው አጠገብ ታካሚው በሚሰማው ቋንቋ፤ እንግሊዝኛው ኮሪደር ላይ። እናንተ ዘንድ ደግሞ አማርኛም የማይገባቸው ብዙ ናቸው። ሲዳምኛ የሚችል ተማሪ ካለህ የዚያን ቀን አስተማሪው እሱ ነው።

ግማሽ የገባ እንግሊዝኛ ጨርሶ ካልገባው ይብሳል። አንድ ተማሪ የሕፃን ቁስል እያየ «ኖ ዲስቻርጅ» አለኝ፤ መግል የለውም ማለቱ ነው። ጥሩ ዜና ነበር። እናትየዋ ግን ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ዲስቻርጅ ማለት ወደ ቤት መሄድ መሆኑን ዋርድ የከረመ ሰው ሁሉ ያውቃል። «አይወጣም» የተባለች መሰላት። ለማስረዳት ሩብ ሰዓት ፈጀብን። «ኔጌቲቭ»ም እንደዚሁ ነው፤ ሰው ሁሉ መጥፎ ዜና ይመስለዋል።

ልምድ አድርጉት፦ ከአልጋው ከመነሳታችሁ በፊት አንድ ተማሪ የተነጋገራችሁትን ለታካሚው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይንገራቸው። ማስረዳት ካቃተው እሱም አልገባውም።

ጥያቄ፦ «የአራተኛ ዓመት ተማሪዎቼ ዋርድ መምጣት ትተዋል። 'ለመውጫ ፈተና እናጥና' ይሉኛል። ምርጫ ጥያቄ ብቻ ነው የሚፈልጉት።» (ከጎንደር)

መልስ፦ የመውጫ ፈተናው በ2015 ከመጣ ወዲህ እኔም ጋ እንዲሁ ነው። አትጣላቸው። ምርጫ ጥያቄውን ዋርድ ውስጥ አምጣላቸው።

ማክሰኞ አንድ የ10 ወር ሕፃን ሳል ይዞት ገባ። «ትንፋሹን ቁጠሩ» አልኩ። በደቂቃ 52። «ፈጣን ነው ወይስ አይደለም? ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» አልኳቸው እየሳቅኩ። ከ2 ወር በታች 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ሦስቱን ቁጥር ከወረቀት ሲሸመድዱ ያምታቷቸዋል። ያን ሕፃን የቆጠሩ ግን 50ን አይረሷትም። በየቀኑ ከዋርዱ ሦስት ጥያቄ ይዘው ይውጡ፣ ራሳቸው ያውጡት። በወር መጨረሻ የራሳቸው የጥያቄ ባንክ አላቸው።

ጥያቄ፦ «ማስተርሴን ከያዝኩ በኋላ ዋርድ መግባት ትቻለሁ። ባልደረቦቼም አይገቡም። ለፈቃድ እድሳት የሚሆነኝን ተከታታይ ሥልጠና በየሆቴሉ እወስዳለሁ፣ ሰርተፊኬቴ ፋይል ሞልቷል። ግን ተማሪዎቼ ፊት አንዳንዴ ባዶነት ይሰማኛል። ምን ዓይነት ሥልጠና ልውሰድ?» (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይህን በግልጽ መጻፍዎ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። አብዛኞቻችን የምናውቀው ግን የማንናገረው ነው።

ስለ ሆቴል ሥልጠና ብዙ አልልም። እኔም አበል ተቀብያለሁ፤ እኔም ከሻይ ሰዓት በኋላ አንቀላፍቻለሁ። ፈቃድ ለማሳደስ ተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ግድ ነው፣ ይውሰዱት። ሲመርጡ ግን አበሉንና ከተማውን ትተው ይህን ያድርጉ፦ ኪስዎ ውስጥ ትንሽ ማስታወሻ ይያዙ፣ ተማሪ ጠይቆዎት ያልመለሱትን ጥያቄ ሁሉ ይጻፉ። በወሩ መጨረሻ ተመሳሳዮቹን ይቁጠሩ። የኔ ባለፈው ዓመት ስለ ኢንሱሊን አያያዝ ሰባት ጊዜ ተጽፎ አገኘሁት። ሥልጠናዬን ያን መረጥኩ።

ለንባብ ሂናሪን ይጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ነው፤ እንደኛ ባሉ አገሮች ያሉ ተቋማት የሕክምና መጽሔቶችን በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያነቡ። የይለፍ ቃሉ ብዙ ጊዜ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው ጋ ነው። ወረቀት ላይ ጽፎ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦታል።

ባዶነቱ ግን በወረቀት አይሞላም። እጅዎ ዝጓል። ይቅርታ፣ ግን እሱ ነው። የኔም ዝጎ ያውቃል፤ ሦስት ዓመት ቢሮ ብቻ ውዬ ስመለስ አዲሱን የሲሪንጅ ፓምፕ (መድኃኒት በዝግታ የሚሰጠውን መሣሪያ) ተማሪ ነው ያሳየኝ። በሳምንት አንድ ግማሽ ቀን ይጀምሩ። ተማሪ ሳይዙ፣ እንደ ማንኛውም ስታፍ። ሄድ ነርሷን «ሥራ ስጪኝ» ይበሏት። የመጀመሪያው ወር ያሳፍራል።

ማስተርስ ይዞ ፓን (የአልጋ ላይ መጸዳጃ) መሸከም ለሚከብደው ባልደረባ የልዕልት ፀሐይን ነገር አነሳለታለሁ። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በስደት ዘመናቸው ለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 ተመርቀዋል። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ተማሪ ነርስ ሥራው ምን እንደነበር ለሚያውቅ፣ የንጉሥ ልጅ ናት ተብሎ ፓን ማጠብ የቀረላቸው አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ «እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። 15 ዓመት አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ሠርቻለሁ፣ አዳዲስ ነርሶችንም አሠለጥናለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ሦስት ሳምንት እረፍት አለኝ፤ አገሬ መጥቼ ማስተማር እፈልጋለሁ። ስለ ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ስላይድ አዘጋጅቻለሁ። ምን ይዤ ልምጣ? መቼስ ይሻላል?»

መልስ፦ እንኳን አሰብሽው እህቴ። ስላይዱን እዚያው ተዪው፤ ተማሪዎቼ ቬንቲሌተር ሳያዩ የሚመረቁ ብዙ ናቸው። ርክክብ አስተምሪልን። እናንተ ጋ ኤስባር የምትሉትን፦ አሁን ያለው ሁኔታ፣ ታሪኩ፣ ግምገማዬ፣ የምጠይቀው። ከአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰርጓጅ መርከቦች ተነስቶ ሆስፒታል የገባ ነገር መሆኑን ስነግራቸው ተማሪዎቼ ይወዱታል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሐኪም ደውሎ መቀስቀስ የሚፈራ ነርስ ብዙ አለን። «ዶክተር፣ በሽተኛው ደህና አይደሉም» ይልና ስልኩ ይዘጋበታል። ምን ብሎ እንደሚጀምር፣ በምን እንደሚጨርስ ብታለማምጃቸው ሦስት ሳምንትሽ ባከነ አልልም።

ካመጣሽ የሕፃናት የደም ግፊት መለኪያ ጨርቅ አምጪ፤ እሱ ጠፍቶ የአዋቂውን ለሕፃን የሚጠቀም አለ። ጊዜው ያለፈ ካኑላና ሲሪንጅ ለስኪል ላብ ይጠቅመናል፤ ግን እያንዳንዱ ላይ «ለመለማመጃ ብቻ» ብለሽ በአማርኛ ጽፈሽ ለጥፊ። ሳይጻፍበት የገባ ዕቃ መንገዱን ስቶ ዋርድ ይደርሳል። ታካሚ የምትነኪ ከሆነ የሥራ ፈቃድ ያስፈልግሻልና አስቀድመሽ ጠይቂ። በስኪል ላብ ብቻ ከሆነ ከኮሌጁ ጋር በደብዳቤ ተስማሚ፤ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት።

ክረምት አትምጪ፣ ተማሪ የለም። ኅዳር ወይም መጋቢት ጥሩ ነው። የፋሲካ ሳምንት ግን እንዳይሆን፤ ዶሮ ታገኛለሽ እንጂ ተማሪ አታገኚም።